ስልኩ «ፍላሽ ጫን» ሲለን ምን እናድርግ?

በራዲዮ ለአዲስ አንባቢዎች ከተሰጠ ትምህርት የተገለበጠ

 

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ስማርት ስልክ ነው። ፊደል የለየ ሰው ዛሬ የሚያነበው መጽሐፍና ጋዜጣ ብቻ አይደለም። ስልኩንም ያነባል። ስለዚህ ስልኩ ላይ የሚወጣው ጽሑፍ ምን ማለት እንደሆነ ለይቶ ማወቅ አለበት።

አንድ የፋርጣ ገበሬ እንውሰድ። ልጁ ከአዲስ አበባ ስለ ድንች ዘር አመራረጥ የሚያሳይ ፊልም ሊንክ ላከለት። ገበሬው ሊንኩን ነካው። ፊልሙ ግን አልመጣም። በፊልሙ ፈንታ እንዲህ የሚል ጽሑፍ ወጣ፦ «ይህን ለማየት ፍላሽ ፕሌየር ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ተጫን።» ታዲያ ይጫን ወይስ አይጫን?

መልሱ አጭር ነው፤ አይጫን። ምክንያቱን ግን ማወቅ ያስፈልጋል። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ዛሬ ቢጠነቀቅ ነገ ይታለላል።

ፍላሽ ፕሌየር ምን ነበር?

የኢንተርኔት ገጽ የሚከፍትልን ፕሮግራም ብሮውዘር ይባላል። ቀድሞ ብሮውዘር ጽሑፍና ፎቶግራፍ ያሳይ ነበር እንጂ፣ ፊልም በራሱ ማሳየት አይችልም ነበር። ስለዚህ ሌላ ፕሮግራም ይቀጠልበት ነበር። ይህ ቅጥያ ፕለጊን ይባላል። ከቅጥያዎቹ ሁሉ ስሙ የገነነው ፍላሽ ፕሌየር ነበር። ባለቤቱ አዶቢ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ነው።

ነገሩን በራዲዮ እንመስለው። ራዲዮናችሁ ድንጋይ ይፈልጋል። የተለመደውን ድንጋይ ከደብረ ታቦርም ግዙት ከወረታ፣ ይገጥማል። አሁን ግን አንድ ሱቅ ብቻ የሚሸጠውን ድንጋይ የሚበላ ራዲዮ ገዛችሁ እንበል። ሱቁ ክፍት እስከሆነ ድረስ ደግ ነው። ባለሱቁ የዘጋ ዕለት ግን ራዲዮው ሳይሰበር ዝም ይላል።

ፍላሽም እንዲሁ ነበር። ብዙ ፊልም፣ ብዙ ጨዋታ፣ ብዙ ትምህርት በፍላሽ ተሠራ። የሁሉም ቁልፍ ግን በአንድ ኩባንያ እጅ ነበር።

መጠበቁ እንዴት አለቀ?

ዓመቶቹን የምንናገረው በእኛ አቆጣጠር ነው። በ1999 ዓ.ም. አፕል የተባለው ኩባንያ አይፎን የሚባለውን ስልክ አወጣ። አይፎን ፍላሽን አይቀበልም ነበር። ብዙ ሰው «ዛሬ ይገባል፣ ነገ ይገባል» እያለ ጠበቀ። በሚያዝያ ወር 2002 ዓ.ም. የአፕል መሪ ስቲቭ ጆብስ ምክንያቱን ጽፎ አወጣ። ፍላሽ የስልኩን ባትሪ ይጨርሳል፣ ለአደጋ ያጋልጣል፣ በጣት ለሚነካ ስልክ አልተሠራም፣ የአንድ ኩባንያ ንብረት ነው አለ።

በዚያው ዓመት ፍላሽ አንድሮይድ በሚባሉት ስልኮች ላይ ገብቶ ነበር። ግን አልበረከተም። በጥቅምት 2004 ዓ.ም. አዶቢ ራሱ ለስልክ የሚሆነውን ፍላሽ ማሻሻሉን እንደሚያቆም አስታወቀ። በመጨረሻም ታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮምፒውተር ላይ የነበረውም ድጋፉ ተቋረጠ። ሱቁ ተዘጋ ማለት ነው።

እንዲያ ከሆነ ዛሬ ፊልም በስልክ የምናየው እንዴት ነው? ባለሙያዎችና ኩባንያዎች ተስማምተው አንድ የጋራ ደንብ ጻፉ። ደንቡ ኤችቲኤምኤል 5 ይባላል። በይፋ የጸደቀው በጥቅምት 2007 ዓ.ም. ነው፤ ብሮውዘሮች ግን ቀደም ብለው ሊሠሩበት ጀምረው ነበር። በዚህ ደንብ ፊልም የማሳየቱ ሥራ ብሮውዘሩ ውስጥ ገባ። የተጠበቀው ቅጥያ ሳይመጣ፣ ቅጥያ የማያስፈልግበት ጊዜ መጣ።

የእኛም ፊደል ጠብቋል

ይህ ነገር ከእኛ የራቀ አይምሰላችሁ። የአማርኛ ፊደልም እንዲህ ያለ መጠበቅ ደርሶበታል።

ኮምፒውተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው። ቀድሞ ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ እየተባሉ የአማርኛ መጻፊያዎች ሲሠሩ፣ ሁሉም ለፊደሉ የየራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር። በአንድ ገበያ ውስጥ ሁለት ዓይነት ቁና እንደማለት ነው። ጸሐፊው የተጠቀመበት መጻፊያ አንባቢው ዘንድ ከሌለ፣ ደብዳቤው ሲከፈት የሚታየው ትርጉም የሌለው ምልክት ነበር።

በ1992 ዓ.ም. መግቢያ ግድም ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም የጋራ የፊደል ቁጥር የእኛን ፊደል ጨመረ። ከዚያ ወዲህ «ሀ» 4608፣ «ሁ» 4609፣ «ሂ» 4610 ነው። በደብረ ታቦርም በዋሽንግተንም ቁጥሩ ያው ነው። ቁናው አንድ ሆነ።

ቁጥር ብቻውን ግን አይበቃም። የፊደሉ ቅርጽ በመሣሪያው ውስጥ መኖር አለበት። በ1999 ዓ.ም. ዊንዶውስ ቪስታ የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም «ኒያላ» የሚባል የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ይዞ ወጣ። ብዙ ስልኮች ግን ዘገዩ። አማርኛ ሲደርሳቸው በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሳጥን ይደረድሩ ነበር። ገና ማንበብ የጀመረ ሰው ያንን ሲያይ «ያልተማርኩት ፊደል ይሆን?» ብሎ ሊያፍር ይችላል። ማፈር የለበትም። ፊደሉ የጠፋው ከስልኩ ነው፤ ከአንባቢው አይደለም።

ልብ በሉ፤ የፊልሙም የፊደሉም ችግር የተፈታው በአንድ መንገድ ነው። የአንድ ባለቤት የነበረው በጋራ ደንብ ሲተካ ነው።

ሦስቱን ምልክቶች እንለይ

አንደኛ፤ ክብ ምልክት እየዞረ ፊልሙ ከዘገየ፣ ብዙውን ጊዜ የኔትወርክ ድካም ነው። በጉና ተራራ ጥግ የሚኖር ሰው ይህን ያውቀዋል። ቦታ ለውጡ፣ ወይም ቆይታችሁ ሞክሩ። ስልኩ ላይ የሚጨመር ነገር የለም።

ሁለተኛ፤ በፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥን ከታየ፣ ስልኩ የፊደሉን ቅርጽ አልያዘም። የስልኩ ፕሮግራም የሚታደስ ከሆነ ይታደስ። ካልሆነም መልእክቱን በሌላ ስልክ አንብቡት።

ሦስተኛ፤ «ፍላሽ ፕሌየር ጫን» ወይም «ፍላሽህን አድስ» የሚል ጽሑፍ ከወጣ፣ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ገጹ አሮጌ ነው፣ ወይ የአታላይ ወጥመድ ነው። በፍላሽ ስም ጎጂ ፕሮግራም ማስገባት የአታላዮች የቆየ ዘዴ ነው። የተዘጋ ሱቅ ድንጋይ አይሸጥም። በሱቁ ስም «እኔ ልሽጥላችሁ» የሚል ሰው ከመጣ መጠርጠር ነው።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር አለ። የበጉም የድንቹም ሽያጭ ገንዘብ በስልክ ይቀመጣል። ጎጂ ፕሮግራም የገባበት ስልክ የምስጢር ቁጥሩ ሊሰረቅ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲወጣ ገጹን ዝጉት። ሊንኩ የተላከው በምታውቁት ሰው ስም ከሆነ ደውላችሁ «አንተ ነህ የላክኸው?» በሉት። ፕሮግራም ሲያስፈልጋችሁ ከስልኩ መደብር፣ ለምሳሌ ከፕሌይ ስቶር ውሰዱ፤ ከመንገድ አታንሱ። የምስጢር ቁጥራችሁን ለማንም አትንገሩ።

መወያያ ጥያቄዎች

1. ፕለጊን ማለት ምን ማለት ነው? በራዲዮ ድንጋይ መስላችሁ አስረዱ።
2. አማርኛ መልእክት በባዶ ሳጥን ቢመጣላችሁ ጉድለቱ የማን ነው?
3. ጎረቤታችሁ «ፍላሽ ጫን አለኝ» ብላ ብትጠይቃችሁ ምን ትመክሯታላችሁ?

ያነበባችሁትን ላላነበበ ጎረቤት ንገሩ። ለዛሬ በዚህ ይብቃን።