«ቀደር ነው» ብሎ መተው ይበቃልን?



አባወራው ጠዋት «ቢስሚላህ» ብሎ ለሥራ ይወጣል፤ ማታ በቃሬዛ ይመለሳል። ጎረቤት ተሰብስቦ «ቀደር ነው፣ ምን ይደረጋል» ይላል። በቀደር ማመን ከኢማን መሠረቶች አንዱ ነው። ነገር ግን ይህ እምነት የአሠሪን ቸልተኝነት መሸፈኛ ይሆናልን?

ፓኪስታን ውስጥ ከካራቺ ከተማ 50 ኪ.ሜ. ያህል ርቆ ጋዳኒ የሚባል የባሕር ዳርቻ አለ። በዚያ ያረጁ መርከቦች ፈርሰው ብረታቸው ይሸጣል። ጥቅምት 22 ቀን 2009 (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 2016) ሠራተኞች በማፍረስ ላይ የነበሩት የነዳጅ ጫኝ መርከብ ፈነዳ። ቢያንስ 26 ሰዎች ሞቱ፤ ከ50 በላይ ቆሰሉ። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ በዚያው ዳርቻ ሌላ መርከብ ተቃጥሎ 5 ሠራተኞች ሞቱ።

ነዳጅ የነበረበት ጋን ቢራገፍም፣ ከግድግዳው የተጣበቀው ቅሪት መትነኑን አያቆምም። ትነቱ ከአየር ጋር ከተደባለቀ የብረት መቁረጫ እሳት ይበቃዋል። ስለዚህ ጋኑ ሳይታጠብ፣ በቂ አየር ሳይገባበትና በውስጡ ያለው ጋዝ በመሣሪያ ሳይለካ መቁረጥ አይጀመርም። ይህ የመርከብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በየሰፈራችን ብየዳ ቤት ባዶ የነዳጅ በርሜል ይቆረጣል። ትነትና አየር የሚደባለቁበት ቦታ ያለው ባዶው ነውና፣ ከሙሉው ይልቅ ባዶው ሊያሰጋ ይችላል።

ወደ ዲናችን እንመለስ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግመሉን ልሰራት ወይስ ትቻት በአላህ ልመካ ብሎ ለጠየቃቸው ሰው፣ አስሯት ከዚያ እንዲመካ ነግረውታል። ሰበቡን ማድረስ ከተወኩል ጋር አይጋጭም። ደግሞም አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ኒሳእ 92ኛው አያህ፣ በስሕተት ለጠፋች ነፍስ እንኳ የሟች ቤተሰቦች ካልማሩ በስተቀር ድያ እንዲከፈል ደንግጓል። ሞቱ በቀደር መሆኑ የቤተሰቡን ሐቅ አላስቀረም። ዐፍው ማለትም የባለሐቁ ፈንታ ነው፤ ሌላው ተጭኖ የሚያስምረው አይደለም።

የሀገራችን የሠራተኛ ሕግም (አዋጅ ቁጥር 1156/2011) አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ሠራተኛው በሥራ ላይ ለሚደርስበት ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ግን አሠሪው አይጠየቅም፤ በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ መጣስም እንደዚሁ ይቆጠራል።

ስለዚህ እናቶችና አባቶች ሆይ! ልጃችሁ ለማፍረስ ሥራ ሲቀጠር ደመወዙን ብቻ አትጠይቁ። ራስ ቁርና ጓንት ተሰጥቶታል? ከማን ጋር ይሠራል? ጋኑን የመረመረው ማን ነው? በሉት። ጉዳት ከደረሰም ቀኑንና ያዩትን ሰዎች መዝግቡ፤ የሕክምና ማስረጃ ያዙ፤ ይዘቱን ሳታውቁ ወረቀት አትፈርሙ። አሠሪ የሆናችሁ ወንድሞችም፣ የሠራተኛው አካል በእጃችሁ ያለ አማና መሆኑን አትርሱ።

አላህ ሠርተው የሚያድሩትን ሁሉ ይጠብቅልን። አሚን። ወቢላሂ ተውፊቅ።