ወተት፣ በርበሬና «ሳይነስ»፦ በሲያትል የሚባለውና እውነቱ

የካቲት ሲገባ ሲያትል ውስጥ አፍንጫው የሚታፈን፣ ግንባሩ የሚከብደው ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው። ምክሩም ወዲያው ይመጣል፦ «ወተት ተዉ፣ አክታ ያበዛል።»

ይህ እውነት አይደለም። በአውስትራሊያዋ አደሌድ ከተማ ተመራማሪዎች 60 ፈቃደኞችን ጉንፋን አስይዘው፣ የጠጡትን ወተት እየመዘገቡና ንፍጣቸውን በሚዛን እየለኩ ተከታትለዋቸው ነበር። በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት ወተት ያዘወተሩት ከሌሎቹ የበለጠ ንፍጥ እንዳልነበራቸው ያሳያል። ወተት ከምራቅ ጋር ሲቀላቀል ይወፍራል፤ ጉሮሮ ላይ ሲቀር አክታ ይመስለናል።

እኛ ደግሞ የራሳችን ማስረጃ አለን። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ጾመኛው ወተት፣ አይብ፣ ቅቤ አይቀምስም፤ አፍንጫው ግን ይታፈናል። ጾሙ የሚውለው በምዕራብ ዋሽንግተን የሞላው አልደር የተባለው ዛፍ ብናኙን በሚበትንበት ወራት ነው። በሚያዝያ በርች ይከተላል፣ ከዚያ ሣሩ። ጥፋቱ የዛፉ ሆኖ ሳለ ልጆች ወተት ሲከለከሉ ማየት ያሳዝናል።

ምግብና ብናኝ የሚገናኙበት አንድ ቦታ ግን አለ። የአልደር ወይም የበርች አለርጂ ያለበት ሰው ጥሬ ፖም ወይም ቼሪ ሲገምጥ ከንፈሩንና ላንቃውን ሊያሳክከው ይችላል፤ የፍሬው ፕሮቲን የዛፉን ብናኝ ስለሚመስል ሰውነት ይሳሳታል። ፖሙ ሲበስል ያ ፕሮቲን ይፈርሳል፤ ስለዚህ አብዛኛው ሰው የተቀቀለውን ያለ ችግር ይበላል። ምላስ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን 911 መደወል ነው። ከብናኙ ሌላ ደግሞ ወይን፣ ቢራና ሌላም የአልኮል መጠጥ የአንዳንዱን ሰው አፍንጫ ያፍናል፤ በተለይ አፍንጫው ውስጥ ፖሊፕ የተባለ እብጠት ያለበትንና አስፕሪን የማይስማማውን።

«በርበሬና ሚጥሚጣ ሳይነስ ይከፍታሉ» የሚባለውስ? ጥብሱን አዋዜ ውስጥ ነክሮ የጎረሰ ሰው ሁለተኛውን ሳይደግም አፍንጫው ይፈሳል። የሚያቃጥለው ነገር የፊትን ነርቭ ስለሚቀሰቅስ ቀጭን ውሃ ይወርዳል፤ ያበጠው የሳይነስ መተላለፊያ ግን እንዳበጠ ነው። የሚወዱት ከሆነ ይብሉት፤ መድኃኒት ነው ብለው ግን አይጠብቁ። ነጭ ሽንኩርት ወይም የዳማከሴ ጭማቂ አፍንጫ ውስጥ መክተት ደግሞ ስሱውን የውስጥ ቆዳ ሊያቆስል ይችላል።

ራስ ምታቱን በተመለከተ ብዙዎቻችን የተሳሳትን ይመስለኛል። በ2004 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት «የሳይነስ ራስ ምታት አለብኝ» ያሉ 2,991 ሰዎችን ሲመረምር 88 ከመቶው ምልክታቸው የማይግሬን ሆኖ ተገኘ። ማይግሬንን ደግሞ ባዶ ሆድና የቀረ ቡና ይቀሰቅሱታል። በጾም ምክንያት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ምግብም ቡናም ሳይቀምስ የሚውል ሰው ግንባሩን ሲወጋው ሳይነሱን ከመውቀስ በፊት ይህን ለሐኪሙ ይንገር። ሆስፒታሎች አስተርጓሚ የሚያቀርቡት በነፃ ነው፤ በአማርኛ ይጠይቁ።

ከምግቡ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ አፍንጫ የሚታጠቡበት ውሃ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ሲያትል ስዊዲሽ ሆስፒታል የታከመች የ69 ዓመት ሴት፣ ባላሙቲያ በተባለ አሜባ አንጎሏ ተጎድቶ ሞተች። ለሳይነሷ ብላ አፍንጫዋን ትታጠብ የነበረው በተራ የቤት ማጣሪያ ባለፈ የቧንቧ ውሃ ነበር፤ ውሃው ተመርምሮ ባይረጋገጥም ሐኪሞቿ የጠረጠሩት እሱን ነው። እንዲህ ያለው እጅግ አልፎ አልፎ የሚደርስ ነው፤ መከላከያው ግን ቀላል ነው። ለመጠጥ ደህና የሆነ ውሃ ለአፍንጫ አይበቃም፤ ሆድ ጀርም የሚገድል አሲድ አለው፣ አፍንጫ የለውም። ዲስቲልድ ውሃ ይግዙ፣ ወይም የቧንቧውን ለአንድ ደቂቃ አንተክትከው ያቀዝቅዙት። አዲስ አበባ ላሉ ዘመዶችዎ ሲነግሩ ሦስት ደቂቃ ይበሉ፤ ከፍታ ቦታ ላይ ውሃ የሚፈላው በዝቅተኛ ሙቀት ነው።

ተራ መታፈን አብዛኛውን ጊዜ የቫይረስ ስለሆነ ያለ አንቲባዮቲክ ይለቃል፤ ንፍጡ ቢጫ ወይም አረንጓዴ መሆኑ ብቻውን ይህን አይለውጠውም። ከ10 ቀን ካለፈ፣ ወይም ተሽሎ እንደገና ከባሰ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ዓይን አካባቢ ካበጠ፣ ዕይታ ከደበዘዘ ወይም አንገት ከደረቀ ግን ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው።