ከጎንደር እስከ ፋሽጋ፦ የጨቅላ ሕፃናት ሐኪም ሙያ

የጨቅላ ሕፃናት ሕክምና ከውልደት እስከ 28ኛው ቀን ያለውን ዕድሜ የሚመለከት የሕፃናት ሕክምና ዘርፍ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ወደ ሙያው የሚገባ ሐኪም አጠቃላይ ሕክምናን ከተማረ በኋላ በሕፃናት ሕክምና ስፔሻሊስት ይሆናል፤ ከዚያም በጨቅላዎች ላይ ብቻ ያተኮረውን ንዑስ ስፔሻሊቲ ይጨምራል። መንገዱ ረጅም በመሆኑ ባለሙያዎቹ ጥቂት ናቸው፤ የሚገኙትም በአብዛኛው በትልልቅ ከተሞች ነው። ሆኖም አገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በ2019 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያሳየው በሕይወት ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት 33ቱ በዚሁ የመጀመሪያ ወር እንደሚሞቱ ነበር።

ከጎንደር በስተሰሜን ምዕራብ፣ በሰቲት (ተከዜ) እና በአትባራ ወንዞች መካከል የሚገኘው ፋሽጋ ኢትዮጵያና ሱዳን የሚወዛገቡበት፣ ሰሊጥና ማሽላ የሚበቅልበት ቆላ ሲሆን፣ ወባም ከነዋሪው ጋር አብሮ ይኖራል። ነፍሰ ጡርን የያዘ ወባ በእንግዴ ልጅ ውስጥ ተከማችቶ ለፅንሱ የሚደርሰውን ምግብና ኦክስጅን ስለሚቀንስ፣ ሕፃኑ ክብደቱ አንሶ ወይም ቀኑ ሳይደርስ ሊወለድ ይችላል። ቆላ ላይ የተወለደ ልጅ አይበርደውም የሚለው ግምትም አያዛልቅም፤ እርጥብ ሆኖ የተወለደና ስብ ያልያዘ ገላ በሞቃት አገርም ቢሆን ሙቀቱን በፍጥነት ያጣል።

ያለጊዜያቸው የተወለዱትን በብዛት የሚገድለው የሳንባ አለመጎልመስ ነው። ከ2016 እስከ 2018 ጎንደርን ጨምሮ በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የተካሄደ ጥናት 45 በመቶ የሚሆነውን ሞት ያስከተለው ይኸው ችግር፣ 30 በመቶውን ደግሞ ኢንፌክሽን እንደሆነ አመልክቷል። የሳንባ ከረጢቶች ተጣብቀው እንዳይቀሩ የሚጠብቃቸው ሰርፋክታንት የተባለው ንጥረ ነገር ገና በበቂ መጠን ስላልተመረተ፣ ሕፃኑ እያንዳንዱን ትንፋሽ የሚስበው በብርቱ ድካም ነው። ሰርፋክታንቱን በመድኃኒት መልክ መስጠት ቢቻልም ዋጋው ውድ ስለሆነ፣ አየርን በተወሰነ ግፊት በአፍንጫ የሚልከውና ግፊቱ በውሃ ጠርሙስ የሚወሰነው ሲፓፕ ለድሃ አገር ሆስፒታል ይበልጥ ይስማማል።

ከሁሉም ግን የሙያውን ባሕርይ አጉልቶ የሚያሳየው የካንጋሩ እናት እንክብካቤ ነው፤ ይህም ሕፃኑን ልብስ ሳይለያየው በእናቱ ደረት ላይ አስታቅፎ የገላዋን ሙቀትና የጡቷን ወተት እንዲያገኝ ማድረግ ነው። ዘዴው በ1978 በኮሎምቢያ ርዕሰ ከተማ በቦጎታ ሲጀመር የታሰበው ለተረጋጉ ሕፃናት ነበር። ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁ ከባልደረባቸው ጋር በአዲስ አበባ አካሂደው በ2005 ባሳተሙት ጥናት ግን፣ ከ2000 ግራም በታች የሚመዝኑ ጨቅላዎች ገና ሳይረጋጉ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ታቅፈው ከመካከላቸው የሞቱት 22.5 በመቶ ሲሆኑ፣ በተለመደው እንክብካቤ ከቆዩት የሞቱት 38 በመቶ ነበሩ። የተጠኑት ሕፃናት ከመቶ ጥቂት የሚበልጡ በመሆናቸው ውጤቱ ብቻውን ዓለምን ሊያሳምን አልቻለም፤ በአምስት አገሮች የተካሄደው የዓለም ጤና ድርጅት ሰፊ ሙከራ ፈጥኖ ማቀፍ ሞትን በ25 በመቶ እንደሚቀንስ ያረጋገጠው በ2021 ነበር፤ ምክሩም በ2022 ወጣ። ሃያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው መዘግየት ነው።

ማስታቀፍን ነርስም አዋላጅም ሊያስተምረው ስለሚችል፣ ጎንደር የተቀመጠ ንዑስ ስፔሻሊስት ከፋሽጋ በስተደቡብ ላለችው የመተማ ከተማ የሚደርስላት በአብዛኛው ባሠለጠናቸው ባለሙያዎች በኩል ነው። ሕፃኑ ወደ እርሱ መላክ ካለበትም፣ ኢንኩቤተር የሌለው አምቡላንስ ወደ 200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ ሲጓዝ እናቲቱ ልጇን በደረቷ ታቅፋ እንድትሄድ ይመከራል።