ከቦምብ የተረፈው የዋናተኞች ማኅበር

አንባቢ ሆይ፤ ከጄኖቫ ከተማ ተነሥተው የባሕሩን ዳርቻ ይዘው በባቡር ወደ ምሥራቅ ቢጓዙ፣ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄዱ ሬኮ ከምትባል አነስተኛ ከተማ ይደርሳሉ። ባቡሩ ከተማዪቱን የሚያልፈው በከፍተኛ ድልድይ ላይ ስለ ሆነ፣ በመስኮት ወደ ታች ሲመለከቱ በአንድ ወገን ተራራውን፣ በሌላው ወገን ባሕሩን፣ በመካከሉም ተጠጋግተው የተሠሩትን ቤቶች ያያሉ። የነዋሪዎቿ ቍጥር ወደ 10,000 የሚጠጋ ነው። ለኢጣልያኖች የሬኮ ስም የሚያስታውሳቸው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው በሁለት ስስ ሊጥ መካከል አይብ ተደርጎ የሚጋገረው ፎካቻ፣ ሁለተኛው ደግሞ ፕሮ ሬኮ የሚባለው የዋናና የውሃ ኳስ ማኅበር ነው። ፎካቻውን ለጊዜው እንተወውና፣ ይህን የምታህል ከተማ ማኅበሯ እስከ 2023 ድረስ 11 ጊዜ የአውሮፓን ዋንጫ እንዴት ሊያነሣ እንደ ቻለ እንመልከት። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

የውሃ ኳስ ጨዋታ አይተው የማያውቁ እንደ ሆነ ነገሩ እንዲህ ነው። ከየወገኑ ግብ ጠባቂውን ጨምሮ ሰባት ሰው ይገባል። እግርን ከወለል ላይ ማሳረፍ ክልክል ነው። ከግብ ጠባቂው በቀር ኳሱን በሁለት እጅ መያዝ የተፈቀደለት የለም። እንግዲህ ተጫዋቹ በእግሩ ውሃውን እየቀዘፈ፣ በአንድ እጁ ባላጋራውን እየተከላከለ፣ በሌላው ኳሱን ይወረውራል ማለት ነው። ዳኛው የሚያየው ከውሃው በላይ ያለውን ሲሆን፣ ከውሃው በታች የሚደረገውን ርግጫና ጕተታ የሚያውቁት ተጫዋቾቹ ብቻ ናቸው። በቢሮ ወንበር ላይ የሚውል ሰው ሁለት ደቂቃ ብቻ ቢሞክረው ምን ያህል እንደሚያደክም ይረዳዋል።

ማኅበሩ የተቋቋመው በ1913 ነው። የመጀመሪያ ስሙ «ራሪ ናንቴስ ኤኖትሪያ» ነበር። «ራሪ ናንቴስ» የላቲን ቃል ሲሆን፣ ሮማዊው ባለቅኔ ቪርጂል መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ላይ ተበታትነው ስለሚዋኙ ሰዎች ከጻፈው የተወሰደ ነው፤ በኢጣልያ ብዙ የዋና ማኅበሮች ይህንኑ ስም ይዘዋል። ፕሮ ሬኮ የሚለው ስም የመጣው በኋላ ነው፤ ትርጕሙም «ስለ ሬኮ» ማለት ነው። በዚያ ዘመን የሬኮ ልጆች የሚጫወቱት በተሠራ ገንዳ ውስጥ ሳይሆን በባሕሩ ውስጥ ነበር። ማዕበል ሲነሣ ኳሱም ተጫዋቹም አብረው ይናወጣሉ። ጎረቤቶቹ ካሞሊ፣ ሶሪ፣ ቦሊያስኮና ኔርቪም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቡድን ስላላቸው፣ እርስ በርስ መፎካከሩ ከባድ ነበር። ተራራው እስከ ባሕሩ ድረስ ወርዶ ሜዳ በጠፋበት አገር ወጣቱ ከባሕር በቀር ወዴት ይሄዳል?

ከዚህ በኋላ ጦርነቱ መጣ። ኢጣልያ በመስከረም 1943 ከተባበሩት ኃይሎች ጋር የጦር ማቆም ስምምነት ስታደርግ፣ ጀርመኖች የሰሜኑን ክፍል ያዙ። ቀደም ብለን ያነሣነው የባቡር ድልድይ ለጀርመን ሠራዊት ዋና መተላለፊያ ሆነ። የተባበሩት ኃይሎች አውሮፕላኖችም ይህን ድልድይ ለመስበር ሲሉ ከኅዳር 1943 ጀምሮ ከሃያ ጊዜ በላይ እየተመላለሱ ቦምብ ጣሉ። ድልድዩ በትናንሽ ቤቶች መካከል የቆመ ስለ ነበር፣ ቦምቡ ያገኘው ቤቶቹን ነው። ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ከተማዪቱም ጥቂት ቤቶች ሲቀሩ ፈጽማ ፈረሰች። ዛሬ በሬኮ የድሮ ሕንፃ እንደ ልብ የማይታየው ስለዚህ ነው።

ሕዝቡ ቤቱን እንደ ገና ሲሠራ ማኅበሩንም እንደ ገና ሠራ። ከተማዪቱ ከፈረሰች ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ቈይቶ፣ በ1959 ፕሮ ሬኮ ለመጀመሪያ ጊዜ የኢጣልያ ሻምፒዮን ሆነ። ከ1964 እስከ 1972 ድረስ ደግሞ ሻምፒዮናውን ዘጠኝ ዓመት በተከታታይ ወሰደ፤ በ1965ም የአውሮፓን ዋንጫ አገኘ።

የዚህ ዘመን ታላቅ ተጫዋች ኤራልዶ ፒዞ ነው። የጄኖቫ ተወላጅ ሲሆን፣ ሰዎች «አዞው» ይሉት ነበር። እስኪ የ1960ውን የሮማ ኦሎምፒክ ያስታውሱ! እኛ ያን ኦሎምፒክ የምናውቀው በአበበ ቢቂላ ነው። አበበ በባዶ እግሩ ሮጦ ከማሸነፉ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ፣ በዚያችው ከተማ የኢጣልያ የውሃ ኳስ ቡድን ወርቅ አግኝቶ ነበር፤ ከተጫዋቾቹም አንዱ የ22 ዓመቱ ፒዞ ነው። እስከ 1972 ድረስ በአራት ኦሎምፒኮች ተካፍሏል። ወደ ጎረቤቲቱ ቦሊያስኮ ተዛውሮም በ1981 እዚያ ሻምፒዮን ሆነ። ለሬኮ ሰዎች ይህ ቀላል ሐዘን አልነበረም። በኋላ ግን ተመልሶ፣ በ44 ዓመቱ ከሬኮ ጋር አንድ ዋንጫ ጨምሮ ጨዋታን ተወ።

አሁን ወደ ገንዘብ ነገር እንምጣ። በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የሬኮ ተወላጅ የሆነውና በናይጄሪያ በንግድ የበለጸገው ጋብሪኤሌ ቮልፒ ማኅበሩን በገንዘቡ ይደግፍ ጀመር። ከሀንጋሪ ቲቦር ቤኔዴክና ታማሽ ካሻሽ መጡ፤ ሁለቱም ሦስት ሦስት ጊዜ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኙ ናቸው። ከሰርቢያም ቭላዲሚር ቩያሲኖቪችና ቫንያ ኡዶቪቺች መጡ። በግቡ ላይ ግዙፉ ስቴፋኖ ቴምፔስቲ ቆመ። ውጤቱ ምን ሆነ? ፕሮ ሬኮ ከ2006 እስከ 2019 ድረስ የኢጣልያን ሻምፒዮና ዐሥራ አራት ጊዜ በተከታታይ ወሰደ።

ይህ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? ጸሐፊው እንደሚመስለው ሁለቱንም ነው። የዓለም ታላላቅ ተጫዋቾች በዚያች ትንሽ ከተማ ሲመላለሱ ማየት ለሬኮ ሕፃናት ትልቅ ትምህርት ነው። ነገር ግን ከጎረቤት መንደር ጋር በባሕር ውስጥ የሚደረገው የድሮ ግጥሚያ የሚወደደው ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ስለማይታወቅ ነበር። ዐሥራ አራት ዓመት አንድ ቡድን ብቻ ሲያሸንፍ፣ የተሸናፊው ከተማ ልጅ ምን ተስፋ አድርጎ ወደ ውሃው ይገባል?

በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ሻምፒዮን ሳይኖር ቀረ። በ2021 ግን በፍጻሜው ላይ የብሬሻ ቡድን ፕሮ ሬኮን አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ብሬሻ ባሕር የሌላት የመሐል አገር ከተማ ናት። ፕሮ ሬኮም ከዚህ ሽንፈት በኋላ ብዙ ሳይቈይ፣ በዚያው ዓመት የአውሮፓን ዋንጫ ይዞ ወደ ቤቱ ገባ።