ያውቁ ኖሯል? ተኝቶ የነቃ ማሽን ሰዓት ሲሳሳት

በጅቡቲ ማዕከላዊ ገበያ፣ በሐሙዲ መስጊድ አካባቢ፣ ታብሌት ወይም ካሽ ሬጅስተር ተኝቶ ሲነቃ ሰዓቱን ከሳተ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ክቧ ባትሪ ናት። ብዙ ጊዜ ግን ባትሪዋ ንጹሕ ናት። ሰዓቱ በስንት እንደሳተ ይቁጠሩ፤ ጥፋተኛውን የሚያወጣው ቁጥሩ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ማሽኑ ውስጥ ሁለት ሰዓት አለ። አንዱን ሶፍትዌሩ ይቆጥረዋል፤ ማሽኑ ሲተኛ እሱም ይቆማል። ሌላው አርቲሲ የሚባለው ቺፕ ነው፤ እሱ አይተኛም። ሊኑክስ የተባለው ስርዓተ ክወና ማሽኑ ሊተኛ ሲል አርቲሲውን ያነባል፣ ሲነቃ ደግሞ ያነባል፣ ልዩነቱን በራሱ ሰዓት ላይ ይደምራል።

ያውቁ ኖሯል? ሁለት ሰዓት ተኝቶ የነቃ ማሽን ልክ ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ከቀረ፣ ያ ድምር አልተሠራም። የአርቲሲው ድራይቨር አልተጫነም፣ ወይም ቺፑ ሲጠየቅ አልመለሰም። እንቅልፍ ላይ ያለ ማሽን ዋናው ኃይል አልተቋረጠበትምና አዲስ ባትሪ መግዛት እዚህ ገንዘብ መጣል ነው።

ያውቁ ኖሯል? ስህተቱ ልክ ሦስት ሰዓት ከሆነ ምንም የተበላሸ ነገር ላይኖር ይችላል። ጅቡቲም ኢትዮጵያም ከግሪንዊች ሦስት ሰዓት ይቀድማሉ። ሊኑክስ አብዛኛውን ጊዜ አርቲሲ ላይ የግሪንዊችን ሰዓት ይጽፋል፤ ዊንዶውስ የአካባቢውን። ሁለቱ አንድ ማሽን ላይ ሲፈራረቁ ይጣላሉ። ስድስት ሰዓት ከሆነማ ቺፑን አይውቀሱት፤ ሰዓቱን የሞላው ሰው በሀገር ቤት አቆጣጠር ሞልቶት ይሆናል።

ያውቁ ኖሯል? ብዙ መሣሪያ ቀን ሲጠፋበት የሚያሳየው ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ነው። በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 መሆኑ ነው፤ ጅቡቲ ላይ ደግሞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። የሰከንድ ቆጣሪው ዜሮ ላይ ነው ማለት ነው። ኢንተርኔት ላይ ያሉ የደኅንነት ሰርተፍኬቶች በዚያ ቀን ገና አልተጀመሩምና ድረ ገጾቹም አይከፈቱም። ኃይሉ ጨርሶ ተነቅሎ ሲመለስ ብቻ የሚከሰት ከሆነ አሁን ባትሪዋን ይጠርጥሩ። ሲአር2032 የሚለው ጽሑፍ ስፋቷ 20፣ ውፍረቷ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው፤ ቮልቷ 3 ነው።

ግን አንድ አስቸጋሪ ጉዳይ አለ። አንዳንድ ቦርድ ላይ ሁለት አርቲሲ ይገኛል፤ አንዱ ዋናው ፕሮሰሰር ውስጥ ያለው ባትሪ የሌለው፣ ሌላው ከውጭ ከነባትሪው የተበየደ። ሊኑክስ አርቲሲ ዜሮ ብሎ የሚያነበው የመጀመሪያውን ከሆነ፣ ባለ ባትሪው አርቲሲ አንድ ትክክለኛውን ሰዓት ይዞ ማንም ሳይጠይቀው ይቀመጣል። ባትሪ ቢቀያይሩ አይድንም፤ ተራቸውን በሴቲንግ ማዛወር ነው።

ያውቁ ኖሯል? ራስፕቤሪ ፓይ የተባለው ትንሽ ኮምፒውተር እስከ አራተኛው ትውልድ አርቲሲ አልነበረውም። በ2023 የወጣው አምስተኛው አለው፤ ባትሪው ግን ለብቻ ይገዛል።

ያውቁ ኖሯል? ከአርቲሲው አጠገብ ያለችው የሩዝ ፍሬ የምታህል የብር ቀለም ቱቦ ኳርትዝ ናት፤ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትርገበገባለች። ቁጥሩን 15 ጊዜ ለሁለት ቢያካፍሉት 1 ይቀራል፤ ቺፑም ሰከንዱን የሚያገኘው እንዲሁ እያካፈለ ነው። ኳርትዟ ልክ የምትሆነው 25 ዲግሪ ላይ ነው። ሲሞቃትም ሲበርዳትም ትዘገያለች እንጂ አትፈጥንም። በጅቡቲ ሙቀት ሣጥኑ ውስጥ 45 ዲግሪ ከደረሰ በቀን ከአንድ ሰከንድ በላይ፣ በወር ግማሽ ደቂቃ ገደማ ትቀራለች። ሙቀቱን እየለካ ራሱን የሚያርም ዲኤስ3231 የተባለ ቺፕ አለ፤ ለጅቡቲ እኔ የምመርጠው እሱን ነው።

ያውቁ ኖሯል? ሰከንድን በ32 ቢት የሚቆጥሩ አሮጌ መሣሪያዎች የሚሞሉት ጃንዋሪ 19 ቀን 2038፣ በጅቡቲና በአዲስ አበባ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው። በእኛ ጥር 11 ቀን 2030፣ የጥምቀት ዕለት! በሚቀጥለው ሰከንድ ወደ ዲሴምበር 13 ቀን 1901 ይመለሳሉ፤ ያኔ ዳግማዊ ምኒልክ ዙፋን ላይ ናቸው፣ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድም ገና ድሬዳዋ አልደረሰም።