ሰባቱ የተስማሙበት፣ ጉባኤው የጣለው

በአንድ የሙያ ማኅበር ውስጥ ለዓመታት የኮሚቴ ጸሐፊ ነበርኩ። ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው ብዙ አይናገርም፤ ሰብሳቢን ግን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ለሦስት ሰዓት የተጠራው ስብሰባ አራት ሰዓት ላይ ሲከፈት፣ ምልአተ ጉባኤው ሳይሟላ «በቃ የመጣነው እንጀምር» ሲባል፣ ሁለት ሰው ተናግሮ ሌላው ዝም ባለበት «ተስማምተናል አይደል?» ተብሎ ሲታለፍ፣ «በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» ብሎ የሚጽፈው ጸሐፊው ነው።

የሳይንስ ማኅበር ሥራ የሚሠራው በኮሚቴ ነው። ጠቅላላ ጉባኤው አብዛኛውን ጊዜ በዓመት አንዴ ተሰብስቦ፣ ሪፖርት ሰምቶ፣ አመራር መርጦ፣ ምሳ በልቶ ይበተናል። መጽሔቱን የሚያዘጋጀው፣ ለጉባኤ የሚቀርቡ ጥናቶችን የሚመርጠው፣ ሽልማቱ ለማን ይገባል ብሎ የሚያጣራው፣ በስያሜና በመለኪያ የሚከራከረው ግን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚበቃ ጥቂት ሰው ነው። ደመወዝ የለውም። ሰብሳቢው የቀረ አባል ላይ ማስጠንቀቂያ አይጽፍም፤ በእጁ ያለው ስልክ፣ ቀን መቁጠሪያና የሰው ይሉኝታ ብቻ ነው። ስመ ጥር ተመራማሪ ሁሉ ጥሩ ሰብሳቢ የማይሆነው ለዚህ ይመስለኛል። በላቦራቶሪው ውስጥ ሲያዝዝ የኖረ ሰው፣ መለመን ይከብደዋል።

የዚህን ኃላፊነት ክብደት ከፕሉቶ ታሪክ የተሻለ የሚያሳይ አላውቅም። የእኔ ትውልድ በትምህርት ቤት ፕላኔቶች ዘጠኝ ናቸው ብሎ ሸምድዷል። ልጆቻችን ስምንት ይላሉ። በመካከሉ የሆነው ነገር በአብዛኛው የኮሚቴ ታሪክ ነው።

በ1997 ዓ.ም. ክረምት፣ ከፕሉቶ ወዲያ በመጠን ፕሉቶን የሚያህል አካል መገኘቱ ተሰማ፤ ኋላ ኤሪስ ተብላለች። ይህች ፕላኔት ናት ወይስ አይደለችም? መልሱ ከዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ነበር የሚጠበቀው። በ1911 ዓ.ም. የተመሠረተው ይህ ኅብረት ለሰማይ አካላት ስያሜ የሚሰጠው አካል ነው። ፕላኔት ምን እንደሆነ እንዲበይን የተቋቋመው 19 ባለሙያዎች ያሉበት ቡድን ግን ሳይስማማ ቀረ። ስለዚህ ሰባት ሰው ብቻ ያለበት አዲስ ኮሚቴ ተሰየመ። ሰብሳቢው የሥነ ፈለክና የሳይንስ ታሪክ ምሁር የነበሩት የሃርቫርዱ ኦወን ጊንግሪች ሆኑ። ከአባላቱ አንዷ ደግሞ ሳይንቲስት ሳይሆኑ የሳይንስ ታሪክ ጸሐፊዋ ዳቫ ሶቤል ነበሩ።

ኮሚቴው ሰኔ 23 እና 24 ቀን 1998 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ተቀመጠ። አስራ ዘጠኝ ሰው ያቃተውን ሰባቱ በሁለት ቀን ጨረሱት፣ ያውም በአንድ ድምፅ። በኮሚቴ ሥራ ያለፈ ሰው ይህ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ያውቃል። ብያኔያቸው ቀላል ነበር፦ በራሱ ስበት ክብ ለመሆን የበቃ፣ ኮከብን የሚዞር፣ ራሱ ኮከብም የሌላ ፕላኔት ጨረቃም ያልሆነ አካል ሁሉ ፕላኔት ነው። በዚህ መሠረት ፕሉቶ ቦታዋን ትይዛለች፤ ሴረስ የተባለችው አካል፣ ኤሪስና የፕሉቶ ጨረቃ ስንላት የኖርነው ካሮን ይጨመራሉ፤ ፕላኔቶች አሥራ ሁለት ይሆናሉ።

ረቂቁ እስከ ነሐሴ 10 ድረስ በምስጢር ተያዘ። በዚያን ዕለት ፕራግ ላይ፣ የኅብረቱ ጠቅላላ ጉባኤ ከተከፈተ በኋላ፣ ይፋ ሆነ። ድምፅ የሚሰጠው ነሐሴ 18 ነው። አዳራሹ ተነሣ! ሁሊዮ ፈርናንዴስና ጎንዛሎ ታንክሬዲ የተባሉ የኡራጓይ ተመራማሪዎች ሌላ ሐሳብ ይዘው መጡ፦ ፕላኔት ለመባል ክብ መሆን አይበቃም፣ በሚዞርበት መንገድ ላይ ከእሱ ጋር የሚተካከል ሌላ መኖር የለበትም። በስምንት ቀን ውስጥ የፓሪሱ ረቂቅ ተበጣጥሶ እንደገና ተሰፋ። በመጨረሻው ስብሰባ ጆስሊን ቤል በርኔል፣ ፐልሳር የሚባሉትን የሰማይ አካላት ምልክት መጀመሪያ ያዩት ሊቅ፣ ጃንጥላ ዘርግተው፣ ፕሉቶ የሚባለውን የካርቱን ውሻ አሻንጉሊት አስቀምጠው አማራጮቹን ለተሰብሳቢው አስረዱ። (አስቂኝ ይምሰል እንጂ፣ የደከመ ጉባኤን ምን ላይ ድምፅ እንደሚሰጥ በደንብ ማሳወቅ የሰብሳቢ ዋና ሥራ ነው።) ለድምፅ ቢጫ ካርድ ተነሣ፤ ፕሉቶ ድንክ ፕላኔት ሆነች። የተቆጠረው ድምፅ 424 ነው። ከአባላቱ ሃያ ሰው ቢኖር አንዱ ግድም መሆኑ ነው። ጊንግሪች ራሳቸው በዚያ ሰዓት ወደ አገራቸው ተመልሰው ስለነበር ድምፅ አልሰጡም።

ውሳኔው ትክክል ነው አይደለም የሚለው ዛሬም ያከራክራል፤ እኔም አልገባበትም። ረቂቁን ለጉባኤ ያቀረበው የኅብረቱ ሥራ አስፈጻሚ ስለሆነ ጥፋቱን በሙሉ በሰብሳቢው ላይ መጫንም አልፈልግም። የሚታየኝ ግን ይህ ነው፦ ጊንግሪች በክፍሉ ውስጥ ያሉትን ስድስት ሰዎች ማስማማት ተሳክቶላቸዋል። ከክፍሉ ውጭ የነበሩት ሺዎች ግን ነገሩን የሰሙት ካለቀ በኋላ ነው። ኮሚቴ የሚሠራው ለእነዚያ ለሌሉት ነው። ያልተማከረ ሰው ደግሞ ረቂቁ ጥሩ ቢሆንም እንኳ መጀመሪያ የሚጠይቀው «እኔን ማን ጠየቀኝ?» ብሎ ነው።

ኅብረቱም የተማረ ይመስለኛል። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ቪየና ላይ፣ የጽንፈ ዓለምን መስፋት የሚገልጸው የሃብል ሕግ «የሃብልና የለሜትር ሕግ» ይባል የሚል ሐሳብ ሲቀርብ፣ በአዳራሹ ውይይት ተደርጎ ድምፁ በኢንተርኔት ለአባላቱ ሁሉ ተላከ። ከ11,000 በላይ አባላት 4,060ዎቹ መለሱ፤ 78 በመቶው ደገፈ። ብዙው ሰው አልመለሰም፣ ግን እንደ ፕራጉ ጊዜ አዳራሹ ካልተገኘ በቀር ድምፅ የለውም የሚባል አባል አልነበረም።

እኛም ከዚህ ኅብረት ሥራ ድርሻ አለን። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. 112 አገሮች ለአንድ አንድ ኮከብና እሱን ለሚዞረው ፕላኔት ያወጡት ስም ይፋ ሲሆን፣ ለኢትዮጵያ የደረሰው ኮከብ «ቡና»፣ ፕላኔቱ «አቦል» ተባሉ። ኮከቡ የሚገኘው በአንድሮሜዳ ነው፤ በግሪኮች ተረት ደግሞ አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። ስሙ የወጣው በዘመቻ ነው፤ ከሰው የተላኩ ሐሳቦችን የሚያጣራ ብሔራዊ ኮሚቴ በየአገሩ ነበር። አቦል ሲባል ፈገግ ያልን ሰዎች፣ ያን ሁሉ ጥቆማ ሲያነብ ያመሸ ሰው መኖሩን አላሰብንም።

አብሬያቸው ከሠራሁ የማኅበራችን ሰብሳቢዎች የማልረሳቸው አንዲት የእፅዋት ተመራማሪ ናቸው። የራሳቸውን ሐሳብ መጨረሻ ላይ ነበር የሚናገሩት፤ እሳቸው ከተናገሩ ወጣቶቹ ለይሉኝታ ብለው እንደሚከተሉ ያውቃሉ። ዝም ያለ ሲኖር በስሙ ይጠሩታል። እያንዳንዱ አጀንዳ ሲያልቅ ደግሞ ወደ እኔ ዞር ብለው «እስቲ የጻፍከውን አንብብልን» ይላሉ። አንድ ጊዜ በመጽሔቱ ላይ ጽሑፍ ለሚያወጡ ሰዎች ክፍያ ይኑር ተብሎ ሁሉም አንገቱን ከነቀነቀ በኋላ የያዝኩትን አነበብኩ፦ «ከጸሐፊዎች ክፍያ እንዲሰበሰብ ተወሰነ።» ሁለት እጅ ወጣ። አንዱ፣ «እኔ ከውጭ አገር ጸሐፊ ነው ያልኩት» አለ። ሌላዋ፣ «ተማሪ አይከፍልም ብለን አልነበር እንዴ?» አለች። ሌላ ግማሽ ሰዓት ተቀመጥን። ያ ግማሽ ሰዓት ባይኖር ጠቅላላ ጉባኤው ላይ የምንጣላበት ነገር ነበር።

ሽልማት ስናጣራ የራሳቸው የዶክትሬት ተማሪ ከዕጩዎቹ ውስጥ ገባ። ወንበሩን ለምክትላቸው ሰጥተው ወጡ፤ «ሰብሳቢዋ በጥቅም ግጭት ምክንያት ከዚህ አጀንዳ ተገልለዋል» ተብሎ እንዲጻፍም አደረጉ። መውጣታቸው ሳይሆን ማስጻፋቸው ነው የገረመኝ። ተማሪው ሽልማቱን አላገኘም፤ ቢያገኝም ማንም አያማቸውም ነበር።

ቆየት ብለው የሥራ ዘመናቸው ሲያልቅ ርክክብ አደረግን። በእኛ ማኅበራት ርክክብ ማለት ማኅተም መስጠት ነው። እሳቸው ግን ማኅተሙን ከመስጠታቸው በፊት ተተኪያቸውን ይዘው ያላለቀውን ሥራ አንድ በአንድ አሳዩ፦ ገምጋሚ ያላገኘ ጽሑፍ፣ ያልተወራረደ የስብሰባ ወጪ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የባንክ ፊርማ ለውጥ። ባንኩ በማኅተም የተረጋገጠ ቃለ ጉባኤ ካላየ ፊርማ አይቀይርም። ተተኪው ይህን ይዘው የመጀመሪያ ስብሰባቸውን ጠሩ፤ ሦስት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ላይ አጀንዳ ቁጥር አንድን ከፈቱ፣ እኔም «የሒሳብ ፈራሚዎችን ስለመቀየር» ብዬ መጻፍ ጀመርኩ።