ነፋሱ የሁሉም፣ ሸክሙ ግን የማን?

በካፒታሊስቱ ዓለም የንግድ አስተዳደር በሚሰጥባቸው አዳራሾች ተማሪው አስቀድሞ ከሚቀስማቸው ትምህርቶች አንዱ «የውጭ ሁኔታዎች» የሚለው ነው። በዚሁ ትምህርት መሠረት የአንድ ግዙፍ የችርቻሮ ድርጅት ዕጣ የሚወሰነው ከደጁ ውጭ በሚነፍሱ ነፋሶች ነው። እነርሱም የመንግሥት ፖሊሲ፣ የኢኮኖሚ መዋዠቅ፣ የኅብረተሰቡ ልማድ፣ የቴክኖሎጂ ዕድገት፣ ሕግና የተፈጥሮ አካባቢ ናቸው። ዝርዝሩ በራሱ ስሕተት የለበትም። ጉድለቱ ሳይጠይቀው ባለፈው ጥያቄ ላይ ነው። ነፋሱ በነፈሰ ጊዜ ጣራው የሚገነጠለው የማን ቤት ነው? ወጪውስ በማን ትከሻ ላይ ይወድቃል?

ጥያቄው ለምሁራን ክርክር ብቻ የሚተው አይደለም። አገራችን የችርቻሮ ንግድን በ2016 ዓ.ም. በወጣ መመሪያ ለውጭ ባለሀብቶች ስለ ከፈተች፣ የቀበሌው ነዋሪም ሆነ የፋብሪካው ሠራተኛ ሊያስብበት የሚገባ ጉዳይ ሆኗል። ስለዚህ የግዙፍ ሱፐርማርኬትን ባሕርይ በቅርቡ ለመረዳት ቴስኮ የተባለውን የእንግሊዝ ድርጅት እንመልከት። (የአገራችንን ጉዳይ ከሚመለከቱት በቀር ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከጉልት እስከ ሞኖፖል ደጃፍ

የቴስኮ መሥራች ጃክ ኮኸን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ተመልሶ በ1919 በለንደን ምሥራቃዊ ሠፈር ከጦር ሠራዊቱ የተረፈ የምግብ ሸቀጥ በጉልት መነገድ ጀመረ። በ1947 ድርጅቱ ወደ ለንደን የአክሲዮን ገበያ ገባ። እስከ 1960ዎቹ ድረስ የችርቻሮውን ዋጋ በአመዛኙ ይወስን የነበረው አምራቹ ነበር። በ1964 የወጣው ሕግ ይህን አሠራር በአብዛኛው ሻረ። ከዚያ ወዲያ በብዛት ገዝቶ በርካሽ መሸጥ የሚችለው ትልቁ ነጋዴ አየለ፤ የሠፈሩ ትንሽ ባለሱቅ ደግሞ እየተገፋ ሄደ። ቴስኮም በ1995 ተቀናቃኙን ሴይንስበሪን ቀድሞ የአገሪቱ ቀዳሚ ሱፐርማርኬት ለመሆን በቃ።

እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ ልብ ሊባል የሚገባው «የውጭ ሁኔታ» የሚባለው ሁልጊዜ መከራ አለመሆኑን ነው። ለአንዱ ማዕበል የሆነው ሕግ ለሌላው የመርከብ ሸራ ነው።

ቅራኔው ከውስጥ ነው

ሁለተኛው ምዕራፍ ይበልጥ ያስተምራል። አልዲ በ1990፣ ሊድል በ1994 ወደ እንግሊዝ የገቡ የጀርመን ርካሽ መደብሮች ናቸው። በ2008 የገንዘብ ቀውስ በደረሰ ጊዜ ገቢው የተመናመነበት ሠራተኛ ዘንቢሉን ይዞ ወደ እነርሱ ማዘንበል ጀመረ። በመስከረም 2014 ቴስኮ የትርፍ ግምቱን በ250 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል አብዝቶ ማሳወቁን ይፋ አደረገ። በጥር 2015 አርባ ሦስት መደብሮችን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ዓመቱንም ከግብር በፊት በ6.4 ቢሊዮን ፓውንድ ኪሣራ ደመደመ።

የከበርቴው ጋዜጦች ጥፋቱን በውድድር ነፋስ ላይ ሊያላክኩ ይችላሉ። የነገሩን ሥር ለሚመረምር ግን ምሥጢሩ በሒሳብ መዝገቡ ውስጥ ነበር። ያ የተጋነነ ትርፍ የመጣው ከአቅራቢዎች የሚሰበሰበውን ገንዘብ ከጊዜው በፊት እንደ ገቢ በመመዝገብና ወጪን በማዘግየት ነው። ሸማቹ ሲሸሽ ትርፉ እንዳይጎድል የተዘረጋው እጅ ወደ አቅራቢው ኪስ ገባ ማለት ነው።

ይህ ባዶ ክስ አይደለም። በታላላቅ ሱፐርማርኬቶችና በአቅራቢዎቻቸው መካከል ያለውን ደንብ እንድትቆጣጠር በመንግሥት የተሾመችው ባለሥልጣን በጥር 2016 ባወጣችው ውሳኔ፣ ቴስኮ የራሱን የገንዘብ አቋም ለማሳመር ሲል ለአቅራቢዎች የሚገባቸውን ክፍያ እያወቀ ማዘግየቱን አረጋገጠች። ከአቅራቢዎቹ አንዳንዶች ገንዘባቸውን ለማግኘት ከዓመት በላይ ጠብቀዋል። ሆኖም የገንዘብ ቅጣት የመጣል ሥልጣን የተሰጣት ጥፋቱ ከተፈጸመ በኋላ ስለ ነበር ቅጣት ልትጥል አልቻለችም። ሕግ ዘግይቶ ሲመጣ የሚከፍለው ደካማው ነው።

ከዚህ የምንጨብጠው ቁም ነገር የውጭ ሁኔታ በውስጣዊው አደረጃጀት በኩል የሚሠራ መሆኑን ነው። ነፋሱ አንድ ሆኖ ሳለ በማን ላይ እንደሚወድቅ የሚወስነው በቤቱ ውስጥ ያለው የኃይል አሰላለፍ ነው።

ሸክሙ ወደ ታች ሲንከባለል

በሰኔ 2016 የእንግሊዝ ሕዝብ ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ድምፅ ሰጠ፤ የፓውንድም ዋጋ አሽቆለቆለ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ዩኒሊቨር የተባለው ኩባንያ የሸቀጦቹን ዋጋ ከፍ ለማድረግ ሲጠይቅ ቴስኮ እምቢ አለ። በዳቦ ላይ የሚቀባውን ማርማይትን የመሳሰሉ ሸቀጦች ከድርጅቱ የኢንተርኔት ገበያ ለጊዜው ጠፉ። ሁለቱ ዝሆኖች ተጋፍተው ብዙ ሳይቆዩ ታረቁ። እዚህ ላይ ቴስኮ የዋጋውን ጭማሪ መቃወሙን መካድ አይገባም። ይሁን እንጂ ዩኒሊቨርን ያህል ክንድ የሌለው አንድ የአትክልት ገበሬ ወይም ትንሽ የአይብ አምራች ያንኑ ጥያቄ ቢያነሳ ኖሮ ማን እንደሚሸነፍ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም።

በ2020 ኮሮና በመጣ ጊዜ መንግሥት ለንግድ ቤቶች የንብረት ግብር ምሕረት አደረገ። የምግብ መደብሮች ግን በወረርሽኙ ጊዜም ክፍት ነበሩ። ቴስኮ በግብር ምሕረቱ እየተጠቀመ ለባለአክሲዮኖቹ የትርፍ ድርሻ በመክፈሉ ከሕዝብ ወቀሳ ተነሣበት፤ በታኅሣሥ 2020ም 585 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚመልስ አስታወቀ። ገንዘቡን ያስመለሰው የሒሳብ ሊቅ ሳይሆን የሕዝብ ዓይን ነበር።

ከ2022 ጀምሮ በዩክሬን የተነሣው ጦርነት የእህልን፣ የዘይትንና የነዳጅን ዋጋ አናረው። በመጋቢት 2023 የእንግሊዝ የምግብ ዋጋ ከዓመቱ በፊት ከነበረበት 19 ከመቶ ያህል ጨምሮ ተገኘ። ነፋሱ ቴስኮንም ነክቶታል፤ በዚያ የሒሳብ ዓመት ከግብር በፊት ያገኘው ትርፍ ወደ አንድ ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ዝቅ ብሎ ነበር። ነገር ግን እስከ የካቲት 2024 ባለው በቀጣዩ ዓመት ትርፉ ወደ 2.3 ቢሊዮን ፓውንድ ያህል ተመለሰ። በመደብሩ የገዛው ሠራተኛ ቤተሰብስ የከፈለው ዋጋ ተመለሰለትን? የዋጋ ንረቱ ረገበ ማለት ዋጋው የሚጨምርበት ፍጥነት ቀነሰ ማለት እንጂ ዳቦው ወደ ቀድሞ ዋጋው ወረደ ማለት አይደለም።

የተደራጀ ሕዝብም የውጭ ሁኔታ ነው

ከዚህ በመነሣት ሠራተኛው ከመሸከም በቀር ምርጫ የለውም ብሎ መደምደም ትልቅ ስሕተት ይሆናል። በ1986 የታቸር መንግሥት የእሑድን ንግድ ያለ ገደብ ለመፍቀድ ያቀረበው ረቂቅ የሱቅ ሠራተኞች ማኅበርና አብያተ ክርስቲያናት ባካሄዱት ትግል በምክር ቤት ወደቀ። በ1994 የወጣው ሕግ የእሑድ ንግድን ሲፈቅድ እንኳ በእንግሊዝና በዌልስ ከ280 ካሬ ሜትር በላይ የሆኑ መደብሮች ከስድስት ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ ገደበ። መንግሥት ይህን ገደብ ለማላላት በመጋቢት 2016 ያደረገው ሙከራም ከሸፈ። በ1999 ሥራ ላይ የዋለው አገር አቀፍ የደመወዝ ወለል ደግሞ ለአዋቂ ሠራተኛ በሰዓት 3.60 ፓውንድ ብሎ ጀመረ። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ በመዝገቡ ላይ «የሕግ ተጽዕኖ» ብሎ የሚጽፈው ለሠራተኛው የትግሉ ፍሬ ነው።

የሸማቾች ኅብረት ሥራ የትውልድ አገርም ይህችው እንግሊዝ ናት። በ1844 በሮችዴል ከተማ 28 የሚሆኑ ሸማኔዎችና የእጅ ባለሙያዎች ገንዘብ አዋጥተው ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳር፣ አጃና ሻማ የሚሸጥ ሱቅ ከፈቱ። ይሁን እንጂ የማኅበር ስም ብቻውን ከነፋስ አያድንም። የዚህ እንቅስቃሴ ወራሽ የሆነው ታላቁ የእንግሊዝ ኅብረት ሥራ ድርጅት በባንኩ ላይ በደረሰው ውድቀት ምክንያት በ2013 የ2.5 ቢሊዮን ፓውንድ ኪሣራ ደርሶበታል። አባላት የማይቆጣጠሩት ማኅበር ከባለአክሲዮኖች ድርጅት የሚለየው በማኅተሙ ብቻ ነው።

ወደ ራሳችን ደጅ

እዚህ ላይ ግለ ሂስ ማድረግ ይገባል። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋሙት የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት በከፈቷቸው የቀበሌ ሱቆች ብዙ ችግረኛ ስኳርና ዘይት በተመጣጣኝ ዋጋ አግኝቷል። ነገር ግን ሰልፉ የረዘመባቸው፣ ሸቀጡም በኋላ በር የወጣባቸው ሱቆች እንደ ነበሩ ያልሰማ የለም። ነፋሱ ሳይነፍስ ምሰሶው በምስጥ የተበላባቸው ነበሩ።

ዛሬ ነፋሱ በርትቷል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዶላር ዋጋ ከመርከብ ላይ ወርዶ እስከ ሸማቾች ማኅበር መደርደሪያ ይደርሳል። በዚህ ላይ ግዙፍ የውጭ መደብር ሲመጣ ንጹሕ መጋዘንና የተቀላጠፈ አሠራር ሊያመጣ ይችላል፤ ይህን መጥላት ኋላ ቀርነት ነው። ዳሩ ግን የቲማቲም ገበሬው ክፍያ በስንት ቀን ይፈጸማል? ገንዘብ ተቀባይዋና ጫኝና አውራጁ ማኅበር ይኖራቸዋልን? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል። ድንጋጌ ግን ካልተከታተሉት ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ የማኅበር አባል የሆነ ሁሉ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ሦስት ነገሮችን ይጠይቅ። የማኅበራችን ሒሳብ በኦዲተር ተመርምሮ በአባላት ፊት ተነቧልን? ከገበሬው ማኅበር በቀጥታ እንገዛለን ወይስ በደላላ? ዋጋ ሲጨምር ጭማሪው ከየት እንደ መጣ ይገለጽልናልን? እነዚህን መመለስ የቻለ ማኅበር ነፋሱን ባያቆመው እንኳ ሸክሙ በአባላቱ ጫንቃ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ያደርጋል። ነፋስን የሚያዝ የለም፤ የቤትን ምሰሶ ማጽናት ግን የባለቤቱ ፋንታ ነው።